ስልከኛው በበርበሬ ተራ

ጋሽ ልየው ማረፋቸውን የሰማሁት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ሎንቺና ስጠብቅ ነው። ከቡሬ የመጣች የማውቃት ነጋዴ ጆንያዋን መሬት አስቀምጣ፣ አገላብጣ ከሳመችኝ በኋላ፣ «ስልከኛው አረፉ እኮ። አልሰማሽም?» አለችኝ። ለጊዜው ክው ብዬ ቀረሁ። ወዲያው ግን ያ ጩኸታቸው ጆሮዬ ላይ መጣብኝና ሳቄ አመለጠኝ። ሴትዮዋ አልተቀየመችኝም፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን፤ የሎንቺናው ረዳት «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ትገባላችሁ ወይስ እንሂድ?» እስኪለን ድረስ።

የጋሽ ልየው ነገር እንዲህ ነው። እሳቸውን አስቦ ፊቱን ቋጥሮ መቆየት የሚችል ሰው ቡሬ ውስጥ አልነበረም።

ያወቅኋቸው በስድሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ ቡሬ ተመደብሁ። ብቻዋን የመጣች ሴት መምህርት ያገኘችው ቤት ሁሉ ልትከራይ አይገባም ተባለና፣ ርእሰ መምህሩ ራሳቸው ወስደው እነጋሽ ልየው ግቢ አስገቡኝ። ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «ሥጋ የሚባል የላትም እኮ። በሉ ትግባ» አሉ። የኪራይ ውላችን ይኸው ነበር።

ጋሽ ልየው የከተማው ስልከኛ ናቸው። ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ የተቀጠሩ፣ ጠጉራቸው እዚያው ስልክ ቤት ውስጥ የሸበተ ሰው ናቸው። ስልክ ቤቱ ከገበያው ከፍ ብሎ ያለ ባለሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። መሣሪያው እጀታው እየዞረ የሚሠራ ዓይነት ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን ስልክ ማነጋገር ማለት መጮህ ማለት ነበር። ጋሽ ልየው እጀታውን ክንዳቸው እስኪዝል ያዞሩና፣ «ሃሎ ማርቆስ! ማርቆስ! እኔ ቡሬ ነኝ!» ሲሉ እኔ የማስተምርበት ክፍል ድረስ ይሰማል። ተማሪዎቼ ሒሳባቸውን እየሠሩ «ዛሬ ማርቆስ ቶሎ አነሳ» ይባባሉ ነበር።

ለአንድ ሰው ስልክ ሲመጣለት ጋሽ ልየው ኮታቸውን አስተካክለው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ራሳቸው ሄደው ይጠሩታል። ክፉ ወሬ ከሆነ ግን በስልክ አያስነግሩም። «መሥመሩ ተበላሽቷል» ይሉና ሰውየውን ይመልሱታል፤ ከዚያ ዘመዶቹ ዘንድ ሄደው በለሆሳስ ይነግራሉ፣ መርዶው በወጉ እንዲነገር። በዚህ የተነሣ ጋሽ ልየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ የታዩ እንደሆነ ቡሬ በሙሉ ይደነግጣል። እየጮሁ ከሆነ አገር ሰላም ነው።

አንድ ቀን ለምሳ ወደ ቤት ስመጣ ጋሽ ልየው በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምሳቸውን ሁልጊዜ የሚበሉት ስልክ ቤት ስለሆነ፣ በቀትር ቤታቸው አይቻቸው አላውቅም።

«ምነው፣ ታመሙ እንዴ?» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ከውስጥ እየወጡ።

«አልታመምሁም። ቦታው ታጥፏል ተባልሁ።»

«የቱ ቦታ?»

«የእኔ ቦታ ነዋ! ከማርቆስ ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። አዲስ መሣሪያ አመጡ። አስናቀ የሚባል፣ አዲስ አበባ ሠልጥኖ የመጣ ልጅ አብሯቸው መጣ። ያሮጌው መሣሪያ ቦታ ታጠፈ፤ አመሰግናለን፣ ይሰናበቱ አሉኝ። አንቺ፣ ቦታ እንደ ጋቢ ይታጠፋል እንዴ?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ውሃ አመጡ። እጃቸውን አስታጠቡና ምሳ አቀረቡላቸው። ጋሽ ልየው አንድ ሁለቴ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸውልሽ መምህርት፣ ያን ሁሉ ዘመን ‹እኔ ቡሬ ነኝ› እል ነበር። አሁን ማነኝ ልበል?»

ይህን ያሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። እትዬ ማንጠግቦሽና እኔ ተያየን።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሳቸውም ለእኛም ጉድ ነበሩ። ጠዋት ተነሥተው ይላጫሉ፣ ክራቫታቸውን ያስራሉ፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ከግቢው ይወጣሉ። መንገድ አጋምሰው ሥራ እንደሌላቸው ትዝ ይላቸውና ይመለሳሉ። «ምን ረሱ?» ሲባሉ፣ «ባርኔጣዬን» ይላሉ። ባርኔጣው ጭንቅላታቸው ላይ ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ ቀና ብለው ያዩትና፣ «እኔም አላየሁትም» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

በኋላ መውጣቱን ትተው ቤቱን ማስተዳደር ጀመሩ። የማገዶው ክምር ቦታው ትክክል አይደለም ብለው ወደ ምሥራቅ አዞሩት። ዝናብ መጣና ሲያረጥበው ወደ ምዕራብ መለሱት። ማድ ቤት ገብተው የድስት ክዳን ያነሣሉ።

«ይህ ለምን ተከደነ?»

«እንዳይቀዘቅዝ።»

«ያኛውስ ለምን ተከፈተ?»

«እንዲቀዘቅዝ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ሲናደዱ አይጮሁም። የቅኔ መምህር ልጅ ስለሆኑ ንዴታቸው እንኳ ሁለት ፊት አለው። አንድ ጠዋት ጋሽ ልየው ከሁለተኛው ድስት ወደ ሦስተኛው ሲሻገሩ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ በበሩ ወደ ውጭ አዩና «ሰማዩ እንዴት ጠርቷል ጃል! ሄደው አያነጋግሩትም?» አሉ። ጋሽ ልየው ለጊዜው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። ዕድሜ ልካቸውን «እገሌ ጠርቷል» ሲባል ሮጠው የሚያነጋግሩ ሰው መሆናቸው የታያቸው ከቆዩ በኋላ ነው። ያን ቀን በሳቅ ፈነዱ፤ ግን ወጡላቸው።

ሳቁ እንዳለ ሆኖ ሐዘኑም ነበረ። ስልክ ቤቱን ላለማየት ሲሉ ወደ ገበያ የሚሄዱት በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞረው ነው። በፊት ከሩቅ ባርኔጣ የሚያነሡላቸው ነጋዴዎች አሁን ፊት ለፊት ሲገናኙ «ደህና አደሩ» ብለው ያልፋሉ። ቅሬታቸውን በአፋቸው አልተናገሩም። ማታ ማታ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን በስሙ እየጠሩ ሰላም ይላሉ፤ ቆሞ የሚያወራቸው የተገኘ እንደሆነ ወንበር ያመጡለታል።

አንድ ሰሞን «አራሽ እሆናለሁ» ብለው ማንኩሳ አጠገብ ወዳለው የአባታቸው ርስት፣ ወንድማቸው አያ አዳሙ ዘንድ ሄዱ። እርሻ የለቀቁት በወጣትነታቸው ነው። ዕርፉን ጨበጡና በለመዱት ድምፅ «በል ሂድ!» ብለው ሲጮሁ በሬዎቹ ደንብረው፣ ቀንበሩን እንደ ተሸከሙ ወንዝ ተሻገሩ። አያ አዳሙ በሬዎቹን ፈልጎ ሲመለስ፣ «ወንድምዓለም፣ በሬው እኮ ማርቆስ አይደለም። አጠገብህ ነው ያለው» አላቸው። ጋሽ ልየው መዳፋቸው ውሃ ቋጥሮ በበቅሎ ተጭነው ቡሬ ገቡ። ታሪኩን ራሳቸው ናቸው የነገሩን፤ አያ አዳሙን እየመሰሉ፣ በሬዎቹንም እየመሰሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ ማንጠግቦሽ ዝም ብለው ያዩ ነበር። እዚህ ላይ ስለ እትዬ ማንጠግቦሽ ሥራ ልንገራችሁ። ከግቢው በስተኋላ አንድ ረጅም መጋዘን አለ። ከማንኩሳም ከፍኖተ ሰላም ገበያም ዛላ በርበሬ እየገዙ እዚያ ያከማቹና፣ በጭነት መኪና ወደ ማርቆስ ይልካሉ። በርበሬ ተራ ውስጥ የእሳቸውን ዋጋ ሳይሰማ ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴ አልነበረም። ይህን ከተማው በሙሉ ያውቃል። ቤት እስኪውሉ ድረስ የማያውቁት ጋሽ ልየው ብቻ ነበሩ። ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ሲመሽ ስለሚገቡ፣ ሚስታቸው «ትንሽ ትንሽ ትነግዳለች» ብለው ነበር የሚያስቡት።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እህል እየቀመስን ሳለ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ «ከነገ ጀምሮ እኔ ዘንድ ይሠራሉ» አሏቸው።

«ምን ሆኜ?»

«ረዳት።»

«የማን ረዳት?»

«የእኔ።»

ጋሽ ልየው ሳቁ። እትዬ ማንጠግቦሽ አለመሳቃቸውን ሲያዩ ግን ተዉት። «ሰው ምን ይላል፣ አንቺ? የመንግሥት ሰው የነበርሁ በሚስቴ ተቀጥሬ?»

«ሰው አሁን የሚለውን ቢሰሙት ይህን አይጠይቁኝም ነበር።»

ጋሽ ልየው የቀረውን ቀን አኩርፈው ዋሉ። ሰኞ ጠዋት ግን ተላጭተው፣ ኮትና ክራቫት አድርገው መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ነበር። «አለቃዬ የት አሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

ሥራው ቀላል ነው፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ዋጋ ሲነጋገሩ ጋሽ ልየው ጆንያ ያያሉ፣ ያስመዝናሉ፣ ያስጭናሉ። ግን ገበያ ውስጥ አፋቸውን ሲከፍቱ የአገሩ ገበሬ ሁሉ ድምፃቸውን ያውቀዋል። ፊታቸውን አይቶ የማያውቅ እንኳ ዞር ይልና «አያ፣ ስልኩ እኮ ነው!» እያለ ይከባቸዋል። የማን ልጅ አስመራ ወታደር እንደ ሆነ፣ የማን እህት አዲስ አበባ መንታ እንደ ወለደች አይረሱም። «መንታዎቹ እንዴት ናቸው? ያች ትንሿ ታማ ነበር፤ ተሻላት?» ይላሉ። ገበሬው ጉዳዩን ትቶ ያወራል። ሻጭ እየበዛ መጣ። እትዬ ማንጠግቦሽ ላይ ላዩን ቢያጉረመርሙም ዓይናቸው ይስቅ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚያው ከወሬው ነው። አያ ሽባባው የሚባል ከማንኩሳ በታች፣ ከቆላው የሚመጣ ገበሬ በርበሬውን ይዞ መጣ። ልጁ ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ በስልክ የተገኘለት ጋሽ ልየው ስልከኛ ሳሉ ነው። ስለ ልጁ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ ጋሽ ልየው እጃቸውን ወደ ጆንያው ወገብ ሳይሰዱ አፉን ብቻ አይተው «ደህና ነው፣ ይግባ» አሉ። ከታች ያለው በርበሬ እርጥብ ነበር። መጋዘን ገብቶ ሻገተ፤ አጠገቡ ያሉትን ጆንያዎችም ይዟቸው ሄደ። መኪናው ሊጫን ሲል ነው የታወቀው።

እትዬ ማንጠግቦሽ የሻገተውን በርበሬ ግቢው ውስጥ አስዘረገፉ። ሽታው እኔ ክፍል ድረስ መጣ። ክምሩ አጠገብ ቆመው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከሥራዎ ተሰናብተዋል» አሏቸው።

ቀልድ መስሎኝ ጋሽ ልየውን አየሁ። ሳቅ የለም፤ ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁና ሄደው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ አልሰጡም። በማግሥቱም እንዲሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው ተቀመጥሁና፣ «ጋሼ፣ ንዴት ነው እኮ። ከመንግሥት ሲሰናበቱ እንኳ እንዲህ አልሆኑም» አልኋቸው።

«መንግሥት እኔን የት ያውቀኛል ልጄ?» አሉኝ። «ሳያውቀኝ ቀጠረኝ፣ ሳያውቀኝ አሰናበተኝ። ምንም አይደል። እሷ ግን ታውቀኛለች። አውቃኝ ነው የማትረባ ያለችኝ።»

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ልየው አልጋቸው ላይ አልተገኙም። ኮታቸው ተሰቅሏል፣ ባርኔጣቸው አለ፤ በቅሎዋና እሳቸው የሉም። እትዬ ማንጠግቦሽ መጀመሪያ «ወንድማቸው ዘንድ ሄደው ይሆናል» አሉ። ወደ አያ አዳሙ ሰው ተላከ፤ አልመጡም ተባለ። በሁለተኛው ቀን እትዬ ማንጠግቦሽ ክፍሌ መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«መምህርት፣ አበዛሁት እንዴ?»

«ትንሽ» አልሁ።

«ጆንያዎቹን አይተሻቸዋል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያ አላበዛሁም» አሉ። ሊነሡ ብለው እንደ ገና ተቀመጡ። «ኮቱን ሳይለብስ እኮ ነው የወጣ» አሉ በመጨረሻ። ባላቸውን ሁልጊዜ «እርስዎ» የሚሉ ሴት «የወጣ» ሲሉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያን ቀን እህል በአፋቸው አልዞረም። መንገድ መንገድ ሲያዩ ዋሉ።

ጋሽ ልየው የተመለሱት በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ሰዉ ጆንያውን እያወረደ ሳለ ነው። አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጧል፣ ዓይናቸው አብጧል፣ ሸሚዛቸው ቀለሙ አይታወቅም። የሄዱት አያ ሽባባው ቤት ነበር። አስቀድመው ሊጣሉት ነበር የሄዱት። አያ ሽባባው ግን ገና ሲያያቸው ራሱን ያዘ። «ውይ ጋሼ! የታችኛው እርጥብ ነው፣ እንደ ገባ አስጡት ልላችሁ ነበር። እርስዎ ስለ ልጄ ሲያጫውቱኝ ደስ ብሎኝ ረሳሁት!» አላቸው። ሊጣሉት አልቻሉም። በዚያ ፈንታ እዚያው ሰንብተው ከሚስቱ ጋር ከማሳ በርበሬ ሲለቅሙ፣ ሰሌን ላይ ሲያሰጡ፣ ሲያገላብጡ ሳምንቱን አሳለፉ። መጀመሪያ ቀን በበርበሬ እጃቸው ዓይናቸውን አሽተው መንደሩን በጩኸት እንዳናወጡት ነገሩን፤ ይህን ሲናገሩ ጥቂት ወደ ቀድሞ ድምፃቸው ተመልሰው ነበር።

እትዬ ማንጠግቦሽ ከመጋዘኑ በር ሳይንቀሳቀሱ፣ «እጅዎን ያሳዩኝ» አሉ።

ጋሽ ልየው ሁለቱንም መዳፎቻቸውን ዘረጉ። እስከ ክርናቸው ቀልተው፣ በየጣቶቻቸው መሐል ቆዳው ተሰነጣጥቋል። እትዬ ማንጠግቦሽ መዳፎቹን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ከጎናቸው ወዳለው ጆንያ በአገጫቸው አመለከቱ። ጋሽ ልየው ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ጆንያው ውስጥ ሰደዱ፤ ከታች አንድ ዛላ አወጡና ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ነቀነቁት። ፍሬው ውስጡ አልተንኳኳም።

«አልደረቀም» አሉ። «ይመለስ፣ ወይም ይሰጣ።»

«ሰምታችኋል» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ወደ ባለ ጆንያው ዞረው። «ረዳቴ ይሰጣ ብለዋል።» ከዚያ ቅቤ ሊያመጡላቸው ወደ ቤት ገቡ፤ ለእጃቸው።

ከዚያ ወዲያ የነበረው ጊዜ ጥሩ ጊዜ ነበር። ጋሽ ልየው «እኔ ሁለት ጊዜ ከሥራ የተባረርሁ ሰው ነኝ፤ አንዴ በመንግሥት፣ አንዴ በሚስቴ። የሚስቴ ያማል» እያሉ ለእንግዳ ሁሉ ይናገራሉ። እጃቸውን ጆንያ ውስጥ ከተው ወሬ ማውራት ተማሩ። ክራቫቱ ቀረ። በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ መዞሩም ቀረ፤ በስልክ ቤቱ በር ሲያልፉ አስናቀን «እንዴት አደርህ ልጄ» ማለት ጀመሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከማርቆስ አንድ ሹም መጡ። አስናቀ አዲስ አበባ ሌላ ሥራ አግኝቶ ለቋል፤ ሌላ ሰው እስኪሠለጥን ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ሹሙ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው፣ ጠላ ተቀድቶላቸው፣ «አቶ ልየው፣ ቦታው ክፍት ነው፤ ተመልሰው ይግቡልን። መሣሪያውን እናሳይዎታለን። ነገ ጠዋት መልስዎን ይስጡኝ» አሏቸው።

እራት ላይ ነገሩ ተነሣ። እትዬ ማንጠግቦሽ ነበሩ የጀመሩት። «የሚወዱትን ያድርጉ። ለእኔ እንዳይጨነቁ፤ ረዳት አላጣም።» ጋሽ ልየው «እሺ» አሉ።

ጠዋት ጋሽ ልየው ኮታቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው ወጡ። እትዬ ማንጠግቦሽ አዩዋቸውና ፊታቸውን ለማንኩሳ ገበያ ወደሚጫኑት በቅሎዎች መለሱ። ትምህርት ቤቱ በዚያው መንገድ ስለሆነ አብሬያቸው ሄድሁ። ሹሙ ስልክ ቤቱ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉላቸው።

«እህ፣ አቶ ልየው? ቁርጡን ይንገሩኝ።»

«ጌታዬ፣ ስላሰቡኝ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ጋሽ ልየው። «አክብራችሁ ስለጠራችሁኝ ነው ለብሼ የመጣሁት። ግን ሥራ ይዣለሁ።»

«ምን ሥራ? የት?»

«ከባለቤቴ ጋር። በርበሬ።»

ሹሙ ወደ እሳቸው ጠጋ አሉ። «ኧረ እንዲያው ያስቡበት፤ የመንግሥት ሥራ እኮ ነው።»

«ደግ ሥራ ነው፤ ልጅነቴን የጨረስሁበት። ደህና ወጣት ፈልጉለት። እኔ ዛሬ ማንኩሳ ገበያ አለብኝ፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው» ብለው እጅ ነሡና ተመለሱ።

እኔ ክፍል የምገባበት ሰዓት ነበር፤ ግን አልሄድሁም። ተከትያቸው ተመለስሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ ብቻቸውን የባዶ ጆንያውን ጭነት እያጠበቁ ነበር። የእግር ኮቴ ሲሰሙ ዞር አላሉም።

«ምን አሏቸው?»

«ገበያ አለብኝ አልኋቸው።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ጠፍሩን አንድ ጊዜ ሳብ፣ ሌላ ጊዜ ላላ አደረጉት። «እንግዲያ ምን ይገትርዎታል?» አሉ። «ፀሐዩ ወጣ እኮ!»

በአገራችን ባል ፊት ይሄዳል፣ ሚስት ከኋላ ትከተላለች፤ ሌላ ዓይነት አካሄድ አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን አጥሩን ተደግፌ ሳያቸው፣ በቅሎዎቹን ከፊት ነድተው፣ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን የማንኩሳን መንገድ ያዙ። ጋሽ ልየው ጮክ ብለው የሆነ ነገር ይተርካሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ በነጠላቸው አፋቸውን ከልለው እየሳቁ፣ ሰው ያየናል ሳይሉ፣ ክንዳቸውን ያዟቸው።